ስለ መኸር ገንዘብ አያያዝ፤ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ሀብት ስለሚያፈራበት መንገድ

በኢሉባቦር አገር ገንዘብ እንደ ዝናም በወራቱ የሚመጣ ነው። የቡናው ለቀማ ከጥቅምት ወር ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጥር ድረስ ስለሚቈይ፣ በነዚህ ወራት በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ገበያ የሚታየው የገንዘብ ብዛት በሌላው ወራት አይገኝም። በዚያን ጊዜ ልብስ ሻጩም፣ ቆርቆሮ ሻጩም፣ ጠጅ ቤቱም፣ ባለመኪናውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ክረምቱ ገብቶ ሐምሌና ነሐሴ በሆነ ጊዜ፣ ያ በኅዳር ወር እጁ ሙሉ የነበረው ገበሬ ለልጁ የደብተር መግዣ አጥቶ ወደ አበዳሪ ቤት ሲሄድ ይታያል። ይህ ነገር በየዓመቱ የሚመላለስ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ይቈጥረዋል። እኛ ግን ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የአያያዝ ጉድለት መሆኑን፣ የአያያዝ ጉድለትም በአያያዝ የሚቃና መሆኑን ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት፣ እንዲሁም ለቡና ባለይዞታዎች በዚህ ጽሕፈት ልናስረዳ እንወዳለን።

መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ስንል ትልቅ ነጋዴውን ወይም ላኪውን አይደለም፤ የዕለት ጉርሱን ያጣውንም ድኃ አይደለም። ግማሽ ሄክታር ወይም አንድ ሄክታር ቡና ያለውን ገበሬ፣ በመቱ ከተማ የሚያስተምረውን መምህር፣ የጤና ጣቢያውን ሠራተኛ፣ የመሥሪያ ቤቱን ጸሐፊ፣ የጉልት ነጋዴዋንና ባለ አነስተኛ ሱቁን ማለታችን ነው። የዚህን ሰው ሀብት የሚያበዛው ድንገተኛ ዕድል አይደለም። ኑሮውን በዝቅተኛው ዓመት ልክ ቈርጦ፣ ከዚያ የተረፈውን የደጉን ዓመት ገንዘብ ራሱ ሌላ ገንዘብ ወደሚወልድ ንብረት ሲለውጠው ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ የዚህ አንድ ነገር ማብራሪያ ነው።

1ኛ፤ ስለ ቡና ዋጋ ባሕርይ

የቡና ዋጋ በመቱ ገበያ የሚቈረጥ አይደለም። ብራዚል ላይ ውርጭ ቢወርድ ወይም ድርቅ ቢሆን በኢሉባቦር ያለው ቡና ይወደዳል፤ እዚያ መከሩ ከበዛ ደግሞ እዚህ ይረክሳል። በሐምሌ 1967 ዓ. ም. በብራዚል የፓራና አገር ብርቱ ውርጭ ወርዶ ቡናውን ስላቃጠለው፣ በሚያዝያ 1969 ዓ. ም. በዓለም ገበያ የአንዱ ፓውንድ፣ ማለት የ454 ግራም ቡና ዋጋ ከ3 የአሜሪካ ዶላር በላይ ወጣ። በ1981 ዓ. ም. ቡና አምራቾችና ቡና ገዥዎች አገሮች በስምምነት ያቆሙት የድርሻ ገደብ ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። በጥቅምት 1994 ዓ. ም. ደግሞ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ደረሰ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የቡና አገሮች ብዙ ገበሬ የልጆቹን ትምህርት አቋረጠ፤ የቡናውን እግር ነቅሎ ሌላ የተከለም ነበረ። በየካቲት 2017 ዓ. ም. ዋጋው እንደገና ተነሥቶ ከ4 ዶላር በላይ ሆነ።

በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ. ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ አስቀድሞ አንዱ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ በብር የሚቈጠረው የቡና ዋጋ ከፍ ያለው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው የዓለም ገበያ መነሣት፣ ሁለተኛው የብር ኃይል መቀነስ ነው። ይህንን መለየት ለገበሬው እጅግ ያስፈልገዋል። ምክንያቱም የብሩ ቍጥር እጥፍ ሆኖ ሳለ የጨው፣ የዘይት፣ የልብስና የማዳበሪያ ዋጋም እጥፍ ከሆነ፣ ሰውዬው የበለጸገ ይመስለዋል እንጂ አልበለጸገም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የከፍተኛው ዓመት ዋጋ የዘወትር ዋጋ አለመሆኑን ነው። የሰባቱን ዓመት ጥጋብና የሰባቱን ዓመት ረኃብ፣ የዮሴፍንም ጎተራ ታሪክ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የማያውቅ የለም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን በከፍተኛው ዋጋ ልክ ሠርግ የሚደግስ፣ በከፍተኛው ዋጋ ልክ ዕዳ የሚገባ፣ በከፍተኛው ዋጋ ልክ ቤት የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። ዋጋው በተመለሰ ጊዜ ቤቱ ጣራ ሳይለብስ ይቀራል፤ ዕዳው ግን አይቀርም።

2ኛ፤ ከጎሬ ከተማ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ይህ ነገር በሰው ቤት ብቻ ሳይሆን በከተማም ላይ መድረሱን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከመቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችውን ጎሬን መመልከት ይበቃል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 ዓ. ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የኢሉባቦር ቡና፣ ሰምና ቆዳ በጎሬና በቡሬ በኩል በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጎሬ ሱቅ ከፈቱ። በየካቲት 1898 ዓ. ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲንያ ባንክም ቅርንጫፎቹን ካቋቋመባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ነበረች፤ በጋምቤላም ወኪል ነበረው። ዛሬ በየከተማው የባንክ ቤት ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ በዚያን ዘመን ግን ለጎሬ ትልቅ ክብር ነበር።

የባሮ ወንዝ ግን መርከብ የሚያስኬደው ውኃው በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነው። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው ወንዙ ከጐደለ በኋላ ነው። ስለዚህ በኅዳር የተለቀመው ቡና መርከቡን የሚጠብቀው እስከ ሰኔ ነበር። ጎተራና ገንዘብ ኖሮት ሰባት ወር ለመጠበቅ የቻለው ነጋዴ ትርፉን ሁሉ ወሰደ፤ ገንዘብ አጥቶ በኅዳር መሸጥ ግድ የሆነበት ገበሬ ግን የሰጡትን ተቀበለ። ዛሬ መርከቡ የለም፤ መንገዱም መኪና ነው። ነገር ግን በመጠበቅ የሚችለውና በማይችለው መካከል ያለው ልዩነት እንዳለ ነው።

ሱዳን ነፃ ከወጣ በኋላ በ1949 ዓ. ም. የጋምቤላ ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙም ንግድ ከዚህ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። በአንድ መንገድና በአንድ ገበያ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሀብት መንገዱ ሲዘጋ አብሮ እንደሚዘጋ ጎሬ ምስክር ናት። ጎሬ የደረሰባት ነገር በአንድ ቡና ብቻ በሚኖር ቤተ ሰብ ላይም ይደርሳል።

3ኛ፤ ገንዘቡን ስለ መክፈል

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ የለቃሚውን ዋጋ ከከፈለ በኋላ ከቡናው 120,000 ብር አገኘ እንበል። ይህን ገንዘብ በአሥራ ሁለት ክፍል ቢከፍለው እያንዳንዱ ክፍል 10,000 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው አሥራ ሁለቱን ክፍል ለአሥራ ሁለቱ ወር ቀለብና ወጪ አድርጎ በወር 10,000 ብር የሚኖር ይመስለዋል፤ እንዲያውም የብዙው ሰው ገንዘብ እስከ የካቲት አይደርስም። ትክክለኛው አከፋፈል ግን ይህ ነው።

ዋጋው በግማሽ ቢወድቅ ይህ ገበሬ የሚያገኘው 60,000 ብር ነው። ስለዚህ የቤቱን ኑሮ በዚህ ልክ ይቍረጠው፤ ይኸውም ስድስቱን ክፍል፣ በወር 5,000 ብር ማለት ነው። ከቀሩት ስድስት ክፍሎች ሁለቱን ለቡናው ማሳ፣ ማለት ለአረም፣ ለችግኝና ለአሮጌ ቡና ጉንደላ ያውለው። አንዱን ለልጆች ትምህርት ያድርገው። አንዱን ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር መጠባበቂያ ያስቀምጠው። ሁለቱን ደግሞ ገንዘብ ወደሚወልድ ንብረት ይለውጠው። እንዲህ ያደረገ ሰው ሁለት ደግ ዓመት ካለፈለት በኋላ ክፉ ዓመት ቢመጣበት፣ የቤቱ ቀለብ አይጐድልም፤ የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍንበት 20,000 ብር መጠባበቂያ አለው፤ ከገዛው ንብረትም ጥቂት ገቢ ይመጣለታል። ያላደረገ ሰው ግን በዚያው ዓመት የቤቱን ግማሽ ወጪ በብድር ይሸፍናል።

ከቤቱ ቀለብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ እህል ይገዛበት። በኅዳርና በታኅሣሥ በቆሎው ተሰብስቦ በሚረክስበት ጊዜ የዓመቱን ቀለብ ገዝቶ በጎተራ ያስገባ ሰው፣ በሐምሌ እጥፍ ዋጋ ከመክፈል ይድናል። ባንክ የሚከፍለው ማናቸውም ወለድ ይህን ያህል አይሆንም። እህሉ ግን በደንብ ያልደረቀ እንደ ሆነ ነቀዝና ሻጋታ ስለሚያጠፋው፣ በፀሐይ በሚገባ ማድረቅና አየር በማያስገባ ከረጢት መክተት ያስፈልጋል። የኢሉባቦር እርጥበት ብርቱ ነውና።

ደመወዝተኛው ገቢው በየወሩ ስለሚመጣ ከገበሬው ይልቅ ይቀለዋል። የመንግሥትም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ ከመቶ 7 ለጡረታ ይቈረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ ከመቶ 11 ይጨምርለታል። ይህ ሰውዬው ሳያየው የሚጠራቀም ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በገዛ ፈቃዱም ሊያደርገው ይችላል፤ ደመወዙን በተቀበለበት ቀን፣ ገና ቤት ሳይገባ፣ ከአሥር አንዱን ለይቶ ያስቀምጥ። ከወር መጨረሻ የሚተርፈውን አስቀምጣለሁ የሚል ሰው የሚያስቀምጠው አያገኝም። ገበሬው ጡረታ የለውም፤ የገበሬው ጡረታ የቡናው እግር፣ የላሞቹ መንጋና ያስተማራቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ የቡናውን ማሳ ችላ የሚል ገበሬ ጡረታውን እንደሚበላ ሰው ይቈጠራል።

ለሁሉም ግን አንድ ደብተር ያስፈልጋል። በአንዱ ገጽ ገቢ፣ በሌላው ገጽ ወጪ እየጻፉ በየሳምንቱ መደመር የትምህርት ጥልቀት አይጠይቅም፤ አባት ባይጽፍ ልጁ ይጽፍለታል። ለጥቂት ወር እንዲህ ያደረገ ሰው ገንዘቡ የጠፋው በትልቁ ነገር ሳይሆን በየቀኑ በሚወጣው ትንሽ ነገር መሆኑን ሲያይ ይደነቃል።

4ኛ፤ ስለ ዱቤና ስለ አራጣ

ለመካከለኛ ሰው ሀብት ዋናው ጠላት የክረምት ብድር ነው። በነሐሴ ወር አበዳሪው ለገበሬው 5,000 ብር ይሰጠዋል፤ ገበሬውም በኅዳር ገና ያልበሰለውን ቡናውን ሊያስረክብ ይስማማል። ቡናው በደረሰ ጊዜ በገበያ ዋጋው 8,000 ብር ሆነ እንበል። ገበሬው በሦስት ወር 3,000 ብር ወለድ ከፈለ ማለት ነው። ይህ በዓመት ቢታሰብ ከመቶ 240 ይሆናል። ይህንኑ 5,000 ብር ከቁጠባና ብድር ማኅበር በዓመት ከመቶ 18 ተበድሮ ቢሆን ኖሮ፣ በሦስት ወር የሚከፍለው ወለድ 225 ብር ብቻ ነበር። ገበሬው ይህን ልዩነት የማያየው ወለዱ በብር ስላልተነገረው፣ በቡና ስለ ተሸፈነ ነው።

የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2479 ላይ ተበዳሪና አበዳሪ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚህ ልክ ቢሆን የ5,000 ብር የሦስት ወር ወለድ 150 ብር ነው። የ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎ ይቀጣል። ሕጉ ስላለ ግን ነገሩ አልቀረም። አበዳሪውም ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ በነሐሴ የታመመ ልጅ ላለው ሰው ገንዘብ የሚሰጥ እርሱ ብቻ ሆኖ ይገኛልና። ስለዚህ አበዳሪውን መውቀስ ብቻ አይበቃም፤ በነሐሴ ሌላ በር እንዲኖር ማድረግ ያስፈልጋል።

ብድር ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ለዘመናዊ ቀፎ፣ ለወተት ላም፣ ለቡና መፈልፈያ የሚወሰድ ብድር ራሱን ሊከፍል ይችላል። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለልብስና ለግብዣ የሚወሰድ ብድር ግን ራሱን አይከፍልም፤ የሚከፍለው የሚቀጥለው ዓመት ቡና ነው። በስልክ የሚገኘውም ብድር እንደዚሁ ነው። በግንቦት 2013 ዓ. ም. የተጀመረው ቴሌብር ገንዘብን በኪስ ሳይዙ ለመክፈልና ለመቀበል እጅግ ይጠቅማል፤ በጥቂት ደቂቃ የሚገኝ ብድር ግን በጥቂት ደቂቃ የሚታሰብ መሆን አይገባውም።

5ኛ፤ ገንዘብ ስለሚቀመጥበት ቦታ

በቤት ውስጥ በማሰሮና በሣጥን ገንዘብ መቅበር የቈየ ልማድ ነው። በመስከረም 2013 ዓ. ም. የብር ኖት ሲለወጥ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ እንደ ነበረ የሚዘነጋ የለም። በቤት የተቀበረ ገንዘብ ሌባና እሳት፣ ምስጥና የኖት ለውጥ ይፈራል። ወለድም የለውም።

ባንክ ከዚህ ይሻላል። በ2013 ዓ. ም. በወጣው ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስ ስለሚሆን፣ ባንኩ ቢከስር የመካከለኛው ሰው ገንዘብ አይጠፋም። ሆኖም ባንክ ገንዘብን ይጠብቃል እንጂ ብዙ ጊዜ አያበዛውም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ. ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ወደ መቶ 7 ከፍ አድርጎ ነበር፤ በ2014 ዓ. ም. ግን የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ 30 በላይ ጨመረ። በዚያ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር አገኘ፤ አስቀድሞ በ100 ብር ይገዛው የነበረውን ዕቃ ግን ከ130 ብር በታች አላገኘውም። ስለዚህ በባንክ የሚቀመጠው ለሕመምና ለትምህርት የተለየው መጠባበቂያ ይሁን፤ ለብዙ ዓመት የታሰበው ገንዘብ ግን ወደ ንብረት ይለወጥ።

ዕቁብ የአገራችን ጥበብ ነው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢያወጡ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል፤ በሃያ ሳምንትም ሁሉም ይደርሰዋል። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ጥቅሙ ብቻውን ማስቀመጥ የማይችለውን ሰው በይሉኝታና በዋስ ማስገደዱ ነው። ሁለት ነገር ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ በሚቈይ ሳምንታዊ ዕቁብ ቢገባ በክረምት የሚከፍለው አጥቶ ይበደራልና፣ ለገበሬ የሚስማማው በኅዳር ተጀምሮ በጥር የሚያልቅ የመኸር ዕቁብ ነው። ሁለተኛ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን በምን እንደሚያውለው አስቀድሞ ለዕቁብ ዳኛው ቢናገር፣ ገንዘቡ በአንድ ቀን ግብዣ አይጠፋም። ዕድር ደግሞ ሀብት የሚያበዛ ባይሆንም፣ ቤተ ሰብ በሐዘን ቀን ላሙን እንዳይሸጥ ስለሚጠብቀው ማንም ከዕድር ሊቀር አይገባውም።

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከዕቁብ የሚበልጠው ገንዘቡ ስለማይበተን ነው። በአገራችን ይህ ዓይነቱ ማኅበር የተጀመረው በ1950ዎቹ በአየር መንገድ ሠራተኞች ዘንድ ነው። የመምህራኑና የመንግሥት ሠራተኞቹ ማኅበር ከየደመወዙ እየቈረጠ ያጠራቅማል፤ በገጠር ያለው ግን የሚያጠራቅመው በመኸር፣ የሚያበድረው በክረምት መሆን ይገባዋል። ቀደም ብለን የጠቀስነው የነሐሴ ሌላ በር ይህ ነው።

6ኛ፤ ገንዘብ ስለሚወልድ ንብረት

በኢሉባቦር ለመካከለኛ ሰው ከሁሉ የቀረበው ንብረት በእጁ ያለው አሮጌ ቡና ነው። እርጅና ያገኘውን የቡና እግር ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ውኃ እንዳያቍር አጋድሞ በበጋ ቢጐነድሉት፣ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ በሦስተኛው ዓመት ገደማ እንደገና ፍሬ ይሰጣል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የጐነደለ ሰው ግን ሁለት ዓመት ይራባል፤ ስለዚህ ማሳውን በአራት ወይም በአምስት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን እጅ ይጐንድል። ቀዩን ፍሬ ብቻ መልቀምም ያለ ወጪ የሚገኝ ትርፍ ነው። አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ቀላቅሎ መግፈፍ፣ ጀንፈሉንም በባዶ መሬት ላይ ማስጣት ዋጋውን ያረክሰዋል፤ በአልጋ ላይ የደረቀ ቡና ሻጋታ አይዘውም፤ ሁለት ሳምንት ለመጠበቅ ለሚችል ባለቤትም የመደራደር ኃይል ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ንብ ነው። በባህላዊው ቀፎ በዓመት 5 ኪሎ ገደማ ማር ሲገኝ፣ በዘመናዊው በደንብ ከተያዘ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ይገኛል። ንብ መሬት አይሻማም፤ ቡናውን አበባ በአበባ እየዞረ ይረዳዋል፤ ማሩም የሚቈረጠው ገንዘብ ከቡና በማይመጣበት ወራት መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ከጥላው ሥር ኮረሪማና ጥምዝ የተከለ ሰውም እንደዚሁ ሌላ የገቢ ወራት ይጨምራል። ለዚህ ሁሉ ግን ደኑ መኖር አለበት። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ. ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው በዓለም ላይ የዱር ቡና ዘር ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ስለ ሆነ ነው። ደኑ ዋናው ገንዘብ ነው፤ ቡናው፣ ማሩና ቅመሙ ወለዱ ነው። ደኑን ቈርጦ ጣውላ የሚሸጥ ሰው ወለዱን ትቶ ዋናውን እንደሚበላ ሰው ነው።

ሦስተኛው ጊደር ናት። ጊደር ስትገዛ ዋጋዋ ከዕቃ መወደድ ጋር አብሮ ስለሚነሣ የገንዘቡ ኃይል አይቀንስም፤ ደግሞም ትወልዳለች። ነገር ግን ልትታመም ትችላለችና ገንዘብን ሁሉ በከብት ላይ ማድረግ አይገባም።

በከተማ ለሚኖር ደመወዝተኛ ደግሞ የአክስዮን ድርሻ አዲስ መንገድ ሆኖ መጥቷል። በጥቅምት 2017 ዓ. ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክስዮን በ300 ብር፣ ለአንድ ሰው ከ33 ያላነሰ አድርጎ ለሕዝብ ሸጦአል፤ በጥር 2017 ዓ. ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፍቷል። አክስዮን ግን ቁጠባ አይደለም፤ ዋጋው ሊወድቅ፣ ትርፉም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መጠባበቂያውን አስቀድሞ ያልሞላ ሰው ወደዚህ አይግባ። በወር እጥፍ እንሰጣለን እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡትን ግን ጨርሶ ይሽሻቸው፤ በሕግ የተፈቀደ ንግድ እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጥም።

7ኛ፤ ስለ ሹማምንት ተግባር

የሕዝብ ሀብት በየቤቱ የሚሠራ ቢሆንም ሹም ሊያቃናው ወይም ሊያበላሸው የሚችል ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች ለየወረዳው ባለሥልጣን እናሳስባለን።

ግብርና መዋጮ በመኸር ወራት እንጂ በክረምት አይሰብሰብ። በነሐሴ የሚጠየቅ መዋጮ ሁሉ ገበሬውን በቀጥታ ወደ አበዳሪው ቤት የሚልክ ነው።

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለቀማው ከመጀመሩ በፊት የመግዣ ገንዘባቸውን እንዲያገኙ አስቀድሞ ይታሰብበት። ማኅበሩ ገንዘብ አጥቶ ቡናውን በዱቤ ከተቀበለ፣ ገበሬው ዛሬ ለሚከፍለው ነጋዴ በርካሽ ይሸጣል፤ በዚህም ማኅበሩን መውቀስ እንጂ ገበሬውን መውቀስ አይቻልም። የማኅበሩም ሒሳብ በየዓመቱ ተመርምሮ በአባላት ጉባኤ ፊት ይነበብ። ሒሳቡ ያልተነበበ ማኅበር የሕዝብን እምነት ያጣል፤ እምነቱ ከጠፋ በኋላ ገንዘቡ መኖሩ አይጠቅምም።

የገበያው ሚዛን በመኸር ወራት ይመርመር። ከመቶ ኪሎ አምስት ኪሎ የሚሰርቅ ሚዛን፣ በአንድ ወረዳ ስንት ቤተ ሰብ የዓመት መጠባበቂያውን እንደሚያሳጣ ማስላት አያዳግትም።

ከቡና ላይ የሚደረግ የቅድሚያ ብድር በጽሑፍና በምስክር እንዲሆን፣ ወለዱም በብር እንዲነገር ሕዝቡ ይመከር። ሕጉ ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ማዘዙም በገበያ ቀን ይነገር። ሹሙ ራሱ ወይም ዘመዱ የአበዳሪው ሸሪክ ሆኖ ከተገኘ ግን ምክሩ ሁሉ ከንቱ ነው።

የመኸሩ ገንዘብ በባልና በሚስት ምክር ይዋል። ቡናውን የምትለቅመውና የምታደርቀው፣ በሐምሌም ልጆቹን የምታበላው ሚስት ሆና ሳለ ገንዘቡ በኅዳር ያለ እርሷ ማወቅ እንዲጠፋ መተው ፍርድ አይደለም። የባንኩ ደብተር በሁለቱም ስም ቢሆን ብዙ ቤት ይድናል።

ድግስን በአዋጅ መከልከል አይቻልም፤ አይገባምም። ነገር ግን ሕዝብ ሹሙን ያያል። የወረዳው ሹም ልጁን በመጠኑ የዳረ እንደ ሆነ፣ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ በመጠኑ ለመዳር አያፍርም።

እነዚህ ነገሮች ቀላል ይመስላሉ፤ ትልቅ በጀትም አይጠይቁም። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የመካከለኛ ሰው ሀብት የሚሠራው በየዓመቱ በተጐነደለ ጥቂት ቡና፣ በተጨመረ አንድ ቀፎ፣ በነሐሴ ባልተወሰደ አንድ ብድር ነው። በ2017 ዓ. ም. የቡና ዋጋ እጅግ ከፍ ባለ ጊዜ ወደ ኢሉባቦር ቤቶች የገባው ገንዘብ ምን ሆኖ እንደ ቀረ የሚታወቀው ዋጋው በሚወድቅበት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የወረዳው ሹም በነሐሴ ወር ወደ ቀበሌዎቹ ወጥቶ ይመልከት። ጎተራው እህል ያለው፣ ቀፎው የተሰቀለ፣ ልጁም ትምህርት ቤት የዋለ ገበሬ ካገኘ፣ የመኸሩ ገንዘብ በትክክል ተይዟል ማለት ነው። በአበዳሪው ደጅ የተሰለፈ ሕዝብ ካገኘ ግን ገንዘቡ መጥቶ አልፏል፤ የሚቀጥለው ደግ ዓመት እስኪመጣ ድረስም ሥራው ከመጀመሪያው እንደገና ይጀመራል። ይህ እንዳይሆን ዛሬ በእጅ ያለውን ጊዜ ሁሉም በየበኩሉ እንዲጠቀምበት እያሳሰብን ጽሕፈታችንን በዚህ እንፈጽማለን።